ዐቃቤ ሕግ ይቀጣል ወይስ ያስቀጣል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በትርጉም ሥራ እተዳደራለሁ። በስኮትላንድ ዐቃቤ ሕግ ቀላል ወንጀል ፈጽሟል የተባለን ሰው ፍርድ ቤት በማቅረብ ፈንታ ገንዘብ እንዲከፍል የሚያደርግበትን አሠራር ስተረጉም «ዐቃቤ ሕጉ ቀጣው» ብዬ ጻፍሁ፤ አርታኢዬ ግን «ዐቃቤ ሕግ አይቀጣም» ብለው ሰረዙት። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ስለ ስኮትላንድ እስከ ጻፉ ድረስ አርታኢዎ ትክክል ናቸው፤ ስለ ሆላንድ ቢሆን ኖሮ ግን እርስዎን እደግፍ ነበር።

ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ባለጉዳዮች ሲነጋገሩ ቢያዳምጡ «ዳኛው ቀጡት»፣ «ዐቃቤ ሕጉ አስቀጣው» ሲሉ ይሰማሉ። «አስ‑» የምትለው ምዕላድ ከሳሹን ከፈራጁ ትለያለች፤ የሚቀጣው የፈረደው ነው፣ የሚያስቀጣው ደግሞ ያስፈረደው። በጀርመን ዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ጠይቆ ዳኛው ያለ ችሎት ክርክር የሚፈርሙበት የቅጣት ትእዛዝ ስላለ እዚያም «አስቀጣው» ማለት ይሠራል። በሆላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ቅጣት እንዲወስን ሕግ ፈቅዶለታል፤ ተቀጪው ተቃውሞ ካላቀረበ ውሳኔው ይጸናል። ስለዚህ «ቀጣው» በሙሉ ትርጉሙ ይቆማል።

የስኮትላንዱ ከሁለቱም ይለያል። የሚቀርበው መቀጮ ክሱን የሚያስቀር አማራጭ እንጂ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም። ሰውየው በ28 ቀን ውስጥ አልቀበልም ካላለ ደግሞ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። በመሆኑም «ተስማማ» ብሎ መተርጎምም ያሳስታል፤ ዝም ያለን ሰው የተናገረ ያስመስለዋልና።

«መቀጮ» የሚለውን ቃል ግን አይጣሉት። «መዋጮ» ከ«አዋጣ» እንደ ወጣ ሁሉ «መቀጮ» ከ«ቀጣ» ስለ ወጣ የቅጣት ጥላ አይለየውም፤ ሆኖም የወንጀል ሕጋችን ለገንዘቡ ቅጣት የያዘው ቃል እርሱ ነው። አንዳንዶች የሚመርጡት «ክፍያ» እጅግ የጸዳ ነው፤ የታክሲውም የውኃውም ሒሳብ ክፍያ ስለሚባል ነገሩ ከወንጀል ጋር መያያዙን ይደብቃል። «የዐቃቤ ሕግ ቅጣት» የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ ይሽሹት፤ የተቀጣው ራሱ ዐቃቤ ሕጉ ነው ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

በ«ክስ» ላይም ይጠንቀቁ። ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ የሚመላለስ አሽከርካሪ የቅጣት ወረቀት ሲጻፍለት «ትራፊክ ከሰሰኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ይከፍላል እንጂ ችሎት ፊት አይቆምም። ለጨዋታ የሚበቃ አነጋገር ነው፤ የእርስዎ ጽሑፍ ግን ዋና ነገሩ ክስ ሳይመሠረት መቅረቱ ስለሆነ ቃሉን በዚህ በላላ ትርጉሙ ከተጠቀሙበት አንባቢው ይደናገራል።

እኔ ብሆን ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አደርገው ነበር፦ «ዐቃቤ ሕጉ በክስ ፈንታ መቀጮ አቀረበለት፤ እርሱም በ28 ቀን ውስጥ ስላልተቃወመ እንደ ተቀበለ ተቆጠረ።»