ደሴና ሐይቅ በግማሽ ቀን፦ ደብዳቤውን ቀድመሽ ጨርሺ

እህቴ፣ እናትሽን ይዘሽ ኮምቦልቻ እንደምትመጪ፣ በግማሽ ቀን የድሮ መኳንንት ቤቶችና ለምለም ቦታ በመኪና ማየት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። እኔም እናቴን ይዤ በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ። ይቻላል። ግን ይኼን ስሚኝ።

1. አርብ አትሂጂ። የመግቢያ ፈቃድ ደብዳቤ ከቢሮ ያስፈልግሻል፣ አርብ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5:30 እስከ 7:30 ዝግ ነው። ግማሽ ቀንሽ እዚያ በር ላይ ያልቃል።

2. አይጠየፍን አስቀድሚ። ደሴ ያለው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ትልቅ ትንሹ፣ እስላም ክርስቲያኑ የበላበት ቤት ነው። እናቴ ከሁሉም በላይ ማየት የፈለገችው እሱን ነበር። ስለዚህ ቀድሜ አንድ ቢሮ ደወልኩ። «ኑ፣ ምንም አያስፈልግም» አሉኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ደብዳቤ ተጠየቅን። ወደ ቢሮው ተመለስን። ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አርብ ነው፣ ሰኞ ተመለሱ» አለን። ሰኞ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነኝ! እናቴ በከዘራ ቆማለች፣ ተቀመጪ ያላት የለም። መንገደኛውን ሁሉ «ቡና ጠጡ» በሚል አገር! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጥበቃው ግን እግዜር ይስጠው፣ የራሱን ዱካ አምጥቶ አስቀመጣትና ንጉሡ ስለተሸነፉበት ስለ ሰገሌ ጦርነት አያቱ የነገሩትን አጫወታት። ወሎ ማለት እሱ ነው። አዳራሹን ከውጭ አይተን ሄድን።

አንቺ ግን በዋዜማው መታወቂያ ይዞ ደብዳቤውን የሚጨርስልሽ ሰው ደሴ ላይ ፈልጊ። የፈቀደውን ሰው ስምም ይያዝልሽ። በስልክ «ኑ» ያለሽን በር ላይ አታገኚውም።

ከዚያ የደሴ ሙዚየም። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በ2014 ጦርነት ብዙ ቅርስ ተዘርፎበታል፣ ያሳዝናል። ቢሆንም ለቤቱ ሲባል ግቢ።

ለምለሙ ቦታ ሐይቅ የምትባለው ከተማና ሐይቋ ናቸው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። ሴት አይገባበትም፤ እናትሽ ተስላ ከመጣች ቀድመሽ ንገሪያት፣ በር ላይ እንዳታዝን። እኛ ዳር ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዓሣ በላን። እናቴ ስለ ቢሮው ረስታ መሳቅ የጀመረችው እዚያ ነው። ዓሣው ጊዜ ስለሚወስድ ከደሴ ሳትወጪ ደውለሽ እዘዢ።

ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ለእናትሽ ጋቢ ያዢ። ስትመለሱ ያ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪናም ይበዛዋል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፣ ፍሬን ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል። ከመጨለሙ በፊት ግቡ። እማማን ሰላም በይልኝ።