ጫት፣ ሐሺሽ፣ ኪኒንና መሪ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ጎንደር ውስጥ በትራፊክ አደጋ ክሶች ጠበቃ ሆኜ እቆማለሁ። ቅሞ፣ አጭሶ ወይም መድኃኒት ውጦ ስለመንዳት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የቻልሁትን እነሆ።

የአዘዞ ባጃጅ ነጂ፦ ጫት ክልክል አይደለም። ቅሜ ብነዳ ምን አለበት?

ወንድሜ፣ ጫት ገበያ ላይ በግልጽ ይሸጣል፤ እውነት ነው። የትራፊክ ደንቡ ግን መሪ ይዞ መቃምንም፣ ቅሞ መንዳትንም ይከለክላል።

መመርመሪያው ዜሮ ካሳየ ነጻ ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። የሚነፋው መሣሪያ የሚለካው አልኮልን ብቻ ነው። ትራፊኩ ግን ዓይንህንና አነጋገርህን ያያል፤ ወንበሩ ሥር የተበተነውን ገረባም ያያል። አደጋ ከደረሰ ደግሞ የምስክር ቃልና የሐኪም ማስረጃ ይመጣል።

አንዲት እናት፦ ልጄ ከመተማ ጭነት ያመላልሳል። ሌሊት እንዳይተኛ ይቅማል። ምን ልበለው?

እናትዬ፣ ይኼ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ። እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ ድካሙን አያጠፋም። ምርቃና ላይ ያለ ሰው በራሱ ይተማመናል፣ ይፈጥናል። ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ባንዴ ይጫነዋል። ከአይከል ወደ ቆላው ሲወርድ ይህ ቢደርስበትስ? አንዳንዱ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ይጠጣል፤ ያኔማ ባሰ። ጭነቱ አንድ ቀን ይዘግይ ይበሉት። ገንዳ ውኃ ከተማ ይደርና ጎህ ሲቀድ ይነሳ።

ሰው ቢሞት ስንት ዓመት ነው?

የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 እዩ። እንደ ሹፌር የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። አስካሪ ወይም አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን የማያውቅበት ሁኔታ ላይ ከደረሰ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል፤ መቀጮም አለበት። «ጫት አደንዛዥ አይደለም» ብላችሁ አትመኩ። ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ መጣስም እዚያው ንዑስ አንቀጽ ውስጥ አለ።

የአለርጂ ኪኒንስ?

ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ያመጣል። ዳያዜፓምና ትራማዶልም እንዲሁ። ሐኪም ቢያዝላችሁም ለውጥ የለውም። ስትገዙ ለፋርማሲስቱ «እነዳለሁ» በሉት። እንዴት እንደሚያደርጋችሁ እስክታውቁት ድረስ ባጃጇን አቁሟት።