ሮቦት ጓንት ወይስ ቀሰም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በሽመና ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከ7 ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ደከመ። አሁን ቤት ውስጥ በከዘራ ይሄዳሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደተጨበጠ ነው፤ ሲታገሉ ጣቶቻቸውንና አንጓቸውን ትንሽ ያላቅቃሉ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ጣት የሚከፍትና የሚዘጋ ሮቦት ጓንት ኢንተርኔት ላይ አይቶ «ልግዛላቸው» ይላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። እኔ ደግሞ የላስቲክ ኳስ ገዝቼ ቀኑን ሙሉ አስጨምቃቸዋለሁ። እሳቸው «ከእንግዲህ ይሄ እጅ ምን ሊሠራልኝ» ነው የሚሉት። ጓንቱ ይምጣ ወይስ ይቅር?
ልጃቸው፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡ ለጊዜው እዚያው ቨርጂኒያ ይቆይ። ኳሱንም ለልጆች ስጪው።

ከኳሱ ልነሳ። የአባትሽ ጣቶች መጨበጥ አላቃታቸውም፤ ያቃታቸው መከፈት ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ «ይጭመቁ» ማለት የሚችሉትን ነገር ደጋግሞ ማሠራት ነው። በሃያ ዓመት የፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ስትሮክ ከመታው ሰው አልጋ ራስጌ ይህ ኳስ ጠፍቶ አያውቅም። ማን እንዳስለመደን እንጃ።

ወደ ጓንቱ ስንመጣ፣ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ በአየር ግፊት የሚሠሩ ናቸው። ማሽኑ ጣቱን ይከፍተዋል፣ ማሽኑ ይዘጋዋል። ጣት ሳይንቀሳቀስ ከሚውል ይሻል ይሆናል። አንጎል ግን የሚማረው ራሱ ሲሞክር፣ ሲስት፣ እንደገና ሲሞክር ነው። አባትሽ ቴሌቪዥን እያዩ ጓንቱ ብቻውን ከፈት ዘጋ የሚል ከሆነ፣ ልምምዱን እየሠራ ያለው ጓንቱ ነው።

ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ማሽንም ተሞክሯል። ኤም አይ ቲ-ማነስ ይባላል፤ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ መሐንዲሶች የሠሩት፣ የታካሚውን ክንድ ይዞ የሚያለማምድ ሮቦት ነው። ብሪታኒያ ውስጥ 770 የስትሮክ ታካሚዎችን በሦስት ከፍለው ሞከሩት። አንዱ ክፍል በሮቦት፣ ሌላው በባለሙያ እጅ ልምምድ ሠራ፤ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ12 ሳምንት። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። የሮቦቱ ቡድን ክንዱን የማንቀሳቀስ መጠነኛ መሻሻል አሳየ። ዕቃ ማንሳት፣ ውሃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ መገልበጥ ላይ ሲደረስ ግን የተለመደውን ሕክምና ካገኙት አልበለጠም። ጓንቱ ሌላ ማሽን ነው፣ በዚህ ጥናት ልፈርድበት አልችልም። ግን ወንድምሽ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅልኝ፦ ይህን ያደረገ ሰው በኋላ ኩባያ አነሳበት ወይ?

አሁን ርካሹን ነገር ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አንደኛው ቡድን ለሁለት ሳምንት፣ ነቅቶ ከሚውልበት ጊዜ አብዛኛውን፣ ጤነኛ እጁ ላይ ወፍራም ጓንት አጠለቀ። ልብ በይ፣ ጤነኛው ላይ ነው! የደከመው እጅ አማራጭ ሲያጣ እንዲሠራ ማለት ነው፤ ከዚያ በተጨማሪ በየቀኑ ለሰዓታት ይለማመዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት በለጡ፤ ብልጫቸውም ከዓመት በኋላ ነበረ። እንግዲህ አንቺ የምትፈልጊው ጓንት የምድጃ ጓንት ነው ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን አለ። ይህ የሚሆነው አንጓውንና ጣቶቹን ራሱ ትንሽም ቢሆን መግለጥ ለሚችል ሰው ነው። አባትሽ «ሲታገሉ ያላቅቃሉ» ብለሻል፤ በቂ መሆኑን ፊዚዮቴራፒስት ዓይቶ ይንገርሽ። ሁለተኛው፣ ከዘራው ያለው በዚያው በጤነኛው በግራ እጃቸው ነው። ስለዚህ ጓንቱ የሚጠለቀው ቁጭ ብለው ሲሠሩ ብቻ። ጓንት አጥልቀው ተነሥተው ቢወድቁ ጉድ ነው።

ምን ይለማመዱ? እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል ሙያ አለ፤ ሰው የራሱን የዕለት ሥራ እየሠራ እንዲያገግም የሚያደርግ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን በአገራችን ጀምሯል። የዚህ ሙያ ሰው ቤታችሁ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ እጅ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ነው። የአባትሽ እጅ ማግ ያጠነጥን ነበር። መወርወሪያ ይወረውር ነበር። በሉ ማግ የሚጠነጠንበትን ቀሰምና ክር አምጡላቸው። መጀመሪያ የክሩን ልቃቂት በቀኝ እጃቸው ይዘው ይልቀቁት፤ መያዙ ሳይሆን መልቀቁ ነው ትልቁ ሥራ። ከዚያ ቀሰሙን ከጠረጴዛ አንስተው ሳህን ውስጥ ይጣሉት። ቀጥሎ ማጠንጠን። ደጋግመው፣ ሲደክማቸው እያረፉ። አንድ ሸማኔ ታካሚ ነበሩኝ፤ ማጠንጠን «ላሳያቸው» ብዬ ክሩን ሳወሳስበው ሳቁብኝና ከእጄ ነጠቁኝ። በየትኛው እጅ እንደነጠቁኝ ያየሁት ቆይቼ ነው።

ሳልረሳው፦ ከተቀመጡበት ስታስነሷቸው በደከመው እጃቸው አትጎትቷቸው። ከስትሮክ በኋላ የዚያ ወገን ትከሻ ሊላላ ስለሚችል ይጎዳል። ወገባቸውን ደግፉ። የከዘራውም ቁመት እጃቸውን በጎናቸው ወደ ታች ለቀው ቀጥ ብለው ሲቆሙ መያዣው አንጓቸው ላይ ይድረስ። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ከተበላ ደግሞ ቀይሩት፤ በጥቂት ብር የሚገኝ ነገር ነው።

እኔም በመሣሪያ አፍሬ አውቃለሁ። ሥራ እንደጀመርኩ ለአንዲት እናት የሚያብረቀርቅ ባለ ጎማ ዎከር፣ ማለትም በሁለት እጅ ተይዞ የሚኬድበት መደገፊያ፣ አስመጣሁ። ክሊኒኩ ለስላሳ ወለል ላይ ሲሄዱበት አጨበጨብን። ከወር በኋላ ቤታቸው ብሄድ ዎከሩ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ነጠላ ተሰጥቶበታል። መጸዳጃው ኮብልስቶኑን ተሻግሮ ነው፤ የበሩ ደፍ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ። «ልጄ፣ ገመድ ሆኖልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። በመጨረሻ የጠቀማቸው የሰፈሩ በያጅ ነው፤ ከበሩ እስከ መጸዳጃው የብረት መደገፊያ ተከለላቸው። ከፍታውን የለኩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በያጁም እኔም ቆመን አየን።

ወንድምሽ የግድ ገንዘብ ልላክ ካለ፣ ለሦስት ወር ቤት ድረስ ለሚመጣ ባለሙያ ይክፈል።

ጥያቄ፦ ቶሮንቶ ነው የምኖረው። እናቴን ከአዲስ አበባ ካመጣኋት ሁለተኛ ክረምቷ ነው፤ 68 ዓመቷ ነው። አምና በረዶ አንሸራቷት ወደቀች። ስብራት አልነበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም ብላለች። ምን ዓይነት ጫማ ልግዛላት?
ከቶሮንቶ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናንተ ከተማ ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ ቤተ ሙከራ አለ። የቶሮንቶ ማገገሚያ ተቋም ተመራማሪዎች ወለሉ በረዶ የሆነ፣ ክፍሉ እንዳለ የሚያጋድል ላብራቶሪ አላቸው። ሰው በማሰሪያ ታስሮ፣ እንዳይወድቅ ተደርጎ ይራመዳል፤ እነሱ ወለሉን እያዘነበሉ ጫማው በስንት ዲግሪ እንደሚከዳው ያያሉ። በደረቅ በረዶም፣ ውሃ በተኛበት በረዶም። መሐንዲስ ብቻውን ቢሆን የጫማውን ሶል በማሽን ጎትቶ ይለካው ነበር። የሰው አረማመድ የሚያጠኑት ስላሉበት የሚሞከረው ሰው ለብሶት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን ሲያወጡ ከ98 ዓይነት የክረምት ጫማ ዝቅተኛውን መስፈርት ያለፉት አሥር አይሞሉም ነበር። ያለፈ ጫማ ከአንድ እስከ ሦስት የበረዶ ቅንጣት ምልክት ይሰጠዋል፤ ለአንዷ እንኳ 7 ዲግሪ ተዳፋት ላይ አለመክዳት አለበት። ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኘዋለህ። ዋጋና የሶሉ ጥልቀት አያታልልህ። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ሹል ብረትም አለ፤ እሱ ግን የሱቅ ወለል ላይ ራሱ ያንሸራትታል፣ በየበሩ ጎንበስ ብሎ ማውለቅ ይጠይቃል።

የፈራ ሰው ይቀመጣል፤ የተቀመጠ እግር ደግሞ ይሰንፋል። ስለዚህ ጫማው እስኪገዛ ቤት ውስጥ፣ በእጇ ሳትደገፍ ከወንበር ብድግ ቁጭ ትበል፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ።

ሱቅ ስትሄድ እሷን ይዘህ ሂድ። እዚያ አገር ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው አይደል? በራችሁ ላይ ወንበር አለ? ከሌለ አንድ ጠንካራ ወንበርና ረጅም የጫማ ማስገቢያ አብረህ ግዛ። ማሰሪያውንም በራሷ እጅ ሱቁ ውስጥ ትሞክረው፤ አንተ ጎንበስ ብለህ አትሰርላት።