ግራ ጉልበቴ ከፍሎሪዳ፣ ቀኝ ጉልበቴ ከባልቲሞር

«እናቴ ቀዶ ሕክምና አድርገው እያገገሙ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ነሐሴ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ በመርከብ ለመዝናናት አስቧል። ከፍሎሪዳ የሚነሳው መርከብ ከባልቲሞሩ በሰው 300 ዶላር ይረክሳል። ለእሳቸው የትኛው ወደብ ይመቻል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ።

ከእኔ በፊት የተሰጡሽን መልሶች አነበብኩ። አንዱ የአውሮፕላን ቲኬት ያሰላልሻል፣ ሌላዋ የማያሚን የባሕር ዳርቻ ታሞግስልሻለች። አንዳቸውም ጉልበታቸውን ያስቀየሩ አይመስለኝም። እኔ ሁለቱንም አስቀይሬያለሁ፤ ግራውን በ2023፣ ቀኙን በ2025። ከሁለቱም በኋላ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ መርከብ ላይ ወጥቻለሁ፤ በግራው ጊዜ ከፍሎሪዳ፣ በቀኙ ጊዜ ከባልቲሞር። አንድ ሰው በሁለት ጉልበቱ ሁለት ወደብ ሞክሮ ሲነግርሽ ብትሰሚው ይሻላል። የእናትሽ ቀዶ ሕክምና የምን እንደሆነ አልጻፍሽም፤ በእሳቸው ዕድሜ ጉልበት ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ዋሽንግተን ላይ 22 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ርቀትን በማይልና በደቂቃ መቁጠር እንጀራዬ ነበር። ጉልበትሽ ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ግን የሚቆጠረው እርምጃ ነው። ከመኪናው በር እስከ መርከቡ አልጋ ስንት እርምጃ አለ? በመካከሉ ስንት ጊዜ ያስቆሙሻል? ስትመለሽስ? ወደብ የሚመረጠው በዚህ ነው። እንግዲህ በቁጥር ልዘርዝርልሽ።

1ኛ. ኢንሹራንሱን ዛሬውኑ ግዙ። ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ይህን ማንበብ አቁሚና መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። የፍሎሪዳውን ጉዞ ልጆቻችን ለ30ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን የሰጡን ስጦታ ነበር። ቀብዱን ክረምት ላይ ከፈሉ፤ የእኔ ቀዶ ሕክምና ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ ተቀጥሮ ነበር። በመካከሉ የደም ግፊቴ አስቸገረና ሐኪሙ ቀጠሮውን ወደ ሚያዝያ ገፋው። ጉዞው ደግሞ ሰኔ ላይ ነበር። ኢንሹራንስ የገዛነው ቀብዱ ከተከፈለ ወር ተኩል ቆይተን ነው። ጉዞውን ልሰርዝ ብዬ ለኢንሹራንሱ ስደውል አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ፤ ከዚያ አንዲት ሴት መጣችና «የጉልበት ሕመምዎ ኢንሹራንሱን ከመግዛትዎ በፊት የጀመረ ነው?» አለችኝ። «በፊት ነው እንጂ! ጤነኛ ጉልበት ማን ያስቀይራል?» አልኳት። «እንግዲያው አይሸፈንም» ብላ ሌላ የምትረዳኝ ነገር ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችኝ። ትሕትናዋ ከመልሱ ይልቅ አናደደኝ። ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች ቀድሞ የነበረን ሕመም የሚሸፍኑት የመጀመሪያው ቀብድ በተከፈለ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ከተገዙ እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ እንዳይቀልጥ ብዬ ሄድኩ።

2ኛ. የዊልቸሩ ጉዳይ። ይህኛው ረዘም ይላል።

ሐኪሜ የሁለት ሰዓት ተኩሉን በረራ ፈቅዶልኝ ነበር፤ የደም ማቅጠኛውን ሳላቋርጥ፣ እግር የሚያጠብቀውን ካልሲ አጥልቄ፣ በየሰዓቱ እየተነሳሁ እንድራመድ አስጠንቅቆ። ለንደን ያለችው እህቴ ዳሌዋን ስታስቀይር ረጅም በረራ ለሦስት ወር እንዳትሞክሪ ተብላለች፤ ስለዚህ የእናትሽን ሐኪም የበረራውን ርዝመት ነግረሽ ጠይቂ፤ «መጓዝ ይችላሉ ወይ?» ብለሽ በደፈናው አትለፊው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዊልቸሩን የገፋልኝ የጎንደር ልጅ ነበር። «አባባ፣ እግርዎን ዘርጋ ያድርጉ» እያለ፣ ስለ አገር እያጫወተ እስከ አውሮፕላኑ በር አደረሰኝ። የተበላሸሁት እዚያ ላይ ነው። መንገዱ ሁሉ እንዲህ የሚሆን መሰለኝ።

ፍሎሪዳ ካሉት ትልልቅ ወደቦች ወደ አንዱ ሄድን፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እነዚህ ወደቦች አንድ በር የላቸውም፤ ማያሚ ተርሚናሎቹን በፊደል ይጠራል፣ ፖርት ኤቨርግሌድስ ደግሞ በቁጥር። የታክሲው ሾፌር የመርከብ ድርጅቱን ስም ሰማና ሻንጣችንን አውርዶ ሄደ። ተርሚናሉ የተሳሳተ ነበር። የእኛ መርከብ ወዲያ ማዶ ቆሞ ይታያል፤ ብትጣሪ የሚሰማሽ ይመስላል። 22 ዓመት ሙሉ ሰው በትክክለኛው በር ሳወርድ የኖርኩ ሰው በሰኔ ፀሐይ አስፋልት ላይ ከዘራዬን ይዤ ቀረሁ። ባለቤቴ ሁለት ሻንጣ ትጎትታለች፣ እኔ በየሃያ እርምጃው እቆማለሁ። ስልኬ 1,140 እርምጃ ቆጠረ። በዚያን ሰሞን ፊዚዮቴራፒስቷ በቀን የፈቀደችልኝን ያህል እዚያው ጨረስኩት።

ተርሚናሉ በር ላይ ስንደርስ ዊልቸር የሚጠብቁ ስምንት ሰዎች ከፊቴ ነበሩ። አስቀድሞ በቅጽ መጠየቅ እንደሚገባ ማንም አልነገረኝም። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ተራዬ ደርሶ መርከቡ ውስጥ አስገቡኝና አሳንሰሩ ዘንድ ስንደርስ ልጁ «እዚህ ይነሱልኝ» አለኝ። ለምን ብለው፣ ወንበሩ ወደ ተርሚናሉ ይመለሳል አለ። ለካ ዊልቸሩ ለመውጫና ለመግቢያ ብቻ ነው! ሳምንቱን ሙሉ የምትቀመጪበትን ከቤትሽ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ አለዚያም ከሚያከራዩ ድርጅቶች ቀድመሽ ተከራይተሽ ክፍልሽ ድረስ ታስመጫለሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው። ክፍላችን ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ከመርከቡ ጭራ ላይ ነበር። ዛሬ ከፍሎሪዳ የሚነሱት ትልልቆቹ መርከቦች 365 ሜትር ይደርሳሉ፤ የእኛም ከዚያ ብዙ የሚያንስ አልነበረም። እራት በልቶ መመለስ አንድ ጉዞ፣ የረሱትን መነጽር ለማምጣት መሄድ ሌላ ጉዞ ነበር። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እራቴን ባለቤቴ በሳህን ታመጣልኝ ጀመር።

ግራንድ ካይማን ከምትባለው ደሴት ስንደርስ መርከቡ መሐል ባሕር ላይ ቆሞ ሰው በትንንሽ ጀልባ ወደ ምድር ይወሰዳል። ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ስትል፣ ሰው ክፍተቱን በእግሩ ሲሻገር አየሁና ከዘራዬን ተደግፌ ተመለስኩ። ባለቤቴ ወርዳ አንድ ካናቴራ አመጣችልኝ፤ «ግራንድ ካይማን» የሚል ጽሑፍ አለበት። ያልረገጥኩትን አገር ደረቴ ላይ ለብሼ እዞራለሁ። መርከቡ በየደሴቱ ከወደቡ መድረክ ጋር ይያያዝ ወይም በጀልባ ያወርድ እንደሆነ ቲኬት ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ።

3ኛ. ዋናው ነገር የመመለሻው ቀን ነው። ሰው ሁሉ ስለ መነሻው ያስባል። በመመለሻው ቀን ግን ማለዳ ከክፍልሽ ያስወጡሻል፤ መርከቡ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ጭኖ ስለሚሄድ ክፍሉ መጽዳት አለበት። የእኛ በረራ የማታ ነበር። ርካሽ ቲኬት ስለሆነ ማለት ነው። ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ኤርፖርት ተቀመጥን። ጉልበቴ እንደ ተቦካ ሊጥ ተነፍቶ ሱሪዬን ወጠረው። ባለቤቴ ከአንድ ምግብ ቤት በረዶ በኩባያ ለምና አመጣች፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ጉልበቴ ላይ አሰረችልኝ። በረዶው እየቀለጠ ካልሲዬ ውስጥ ይወርዳል፣ አላፊ አግዳሚው ወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ያያል። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ቤት ገብቼ ሒሳቡን ስሠራው በዋዜማው ያደርንበት ሆቴል፣ የሻንጣ ክፍያውና ታክሲዎቹ ከርካሹ ዋጋ ያተረፍነውን በልተው በላዩ 90 ዶላር አስጨምረውናል። የእናንተም 300 ዶላር እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ስለ ባልቲሞር ልንገርሽ።

ባልቲሞር ያለው የመንገደኛ መርከብ ተርሚናል አንድ ብቻ ነው። አይ 95 ከሚባለው አውራ ጎዳና በመውጫ 55 ትወጫለሽ፣ ማክኮማስ የሚባለው መንገድ ላይ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ከሕንፃው ፊት ለፊት ተዘርግቷል። እኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀብንም። ልጄ በሩ ላይ አውርዶን መኪናውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የሳምንት የማቆሚያ ክፍያም ቀረልን። ዊልቸሩን ከሁለት ወር በፊት በቅጽ ጠይቄ፣ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ደውዬ አረጋግጬ ነበር። ለመርከቡ ውስጥ የሚሆን ወንበር ተከራይቼ አልጋዬ አጠገብ ታጥፎ ጠበቀኝ። ሻወር ውስጥ የሚቀመጡበት በርጩማም እንዲሁ፤ ይህንንም ጠይቂ፣ ካልጠየቅሽ አያመጡም። ክፍሉን ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካለ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ አጠገብ መረጥኩ። ከመኪናው በር እስከ ተርሚናሉ ዊልቸር 60 እርምጃ፣ ከአሳንሰሩ እስከ አልጋዬ 35። ቆጥሬዋለሁ!

ከባልቲሞር ግዙፎቹ መርከቦች አይነሱም ብለው የሚያጣጥሉትን አትስሚያቸው። ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት ቤይ ብሪጅ በሚባለው ድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነው፤ ከውሃው እስከ ድልድዩ ያለው ከፍታ ደግሞ 57 ሜትር ገደማ ነው። እርግጥ ግዙፎቹ አያልፉም። የእኛ መርከብ 279 ሜትር ነበር። ለጤነኛ ሰው ጉድለት የሚመስለው ነገር ከዘራ ለያዘ ሰው አጭር ኮሪደር ማለት ነው። ድልድዩ ሥር ስናልፍ ሰው ሁሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ አንጋጦ ያያል፤ የጭስ ማውጫው የሚነካ ይመስላል። እኔ ከተከራየሁት ወንበሬ ላይ ሆኜ አየሁት። ከዚያ በፊት በ2024 ማርች በወደቀው የኪ ድልድይ ቦታ አልፈን ነበር። ሌሊት አስፋልቱን ሲጠግኑ ስድስት ስደተኛ ሠራተኞች የሞቱበት ነው። ባለቤቴ አማተበች። እኔም ያን ድልድይ ስንት ሌሊት መንገደኛ ጭኜ እንደተሻገርኩት አስቤ ዝም አልኩ።

የመጀመሪያው ሌሊት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተከለለ ውሃ ስለሆነ መርከቡ መሄዱም አይታወቅም፤ እግርሽ ከመርከቡ ጋር ለመላመድ አንድ ሌሊት ያገኛል። በማግስቱ ግን ውቅያኖሱ ያወዛውዛል፣ አልዋሽሽም፤ ያን ቀን ከወንበሬ አልተነሳሁም። መድረሻችን ቤርሙዳ ደሴት ነበረች፤ እዚያ መርከቡ ኪንግስ ዋርፍ ከሚባለው የወደብ መድረክ ጋር ተያይዞ ይቆማል። ጀልባ የለም፣ መዝለል የለም። ደስ ሲለኝ ወርጄ፣ ሲደክመኝ ተመልሼ ተኛሁ።

በመመለሻው ቀን ለልጄ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ደወልኩለት። ቁርስ ሳያልፍ ቤቴ ገብቼ እግሬን ሰቅዬ ነበር፤ ቡናው ይቆላ ነበር።

በችኮላ የማስታውሳችሁ ነገሮች አሉ። መድኃኒታቸውን በሙሉ በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ በር ላይ የምትሰጡት ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ነው። እናትሽ በሜዲኬር፣ ማለትም በመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚታከሙ ከሆነ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት በላይ ከራቀ ሜዲኬር የመርከቡን ክሊኒክ እንደማይከፍል እወቁ። ነሐሴ የማዕበል ወቅት ስለሆነ መርከቡ አቅጣጫ ቢቀይር አትደንግጡ፤ ድልድዩ በወደቀ ጊዜም መርከቦቹ ቨርጂኒያ ባለው የኖርፎክ ወደብ አውርደው ሰውን በአውቶቡስ ነበር የመለሱት፤ ስለዚህ የሚቀበላችሁ ሰው ስልኩን አያጥፋ። ፍልሰታን የሚጾሙ ከሆነ በመጀመሪያው ምሽት ለአስተናጋጁ ንገሪው፤ በማግስቱ ምስሩንም አትክልቱንም ለብቻ ሠርተው ያመጣሉ፣ ለባለቤቴ አድርገውላታል። ጋቢም ያዙ፤ ተርሚናሉ ይበርዳል፣ ደግሞ ጥሩ ትራስ ይሆናል። ጠቅልላችሁ ከቁርጭምጭሚታቸው ሥር አድርጉት እንጂ ከጉልበታቸው ሥር እንዳታደርጉት፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ እንዳይቀር። እኔን ፊዚዮቴራፒስቷ በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተቆጥታኛለች።

የትኛው ጉልበታቸው እንደሆነ ደግሞ ጻፊልኝ። ቀኙ ከሆነና መንዳት ይወዱ እንደሆነ፣ እስከ ባልቲሞር የምትነጂው አንቺ ነሽ፤ ቁልፉን አትስጫቸው።