ዘይትና ሎሚው ለምን ይለያይብሻል?

አብሽሪ እህቴ፣ ቀላል ነው። «ቤት የምሠራው የሰላጣ ድሬሲንግ ገና ማዕድ ላይ ሳይቀርብ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሎሚው ታች ይቀራል፣ የሱቁን ልግዛ እንዴ?» ነው ያልሽው። እኔ እንኳን አትግዢ ባይ ነኝ። ዋጋው አይቀመስም፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ስኳር አለ።

ዘይትና ሎሚ ምንም ብትመቺያቸው ለብቻቸው አይዋደዱም። ሽማግሌ ይፈልጋሉ። ያ ሽማግሌ ደግሞ ለጾም የምንበጠብጠው ሰናፍጭ ነው! ውጭ አገርም በብልቃጥ እየገዙ ለዚሁ ሥራ የሚጨምሩት የሱን ወንድም፣ ማስታርድ የሚሉትን ነው።

ዱቄቱ ካለሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ወስደሽ ለብ ባለ ውሃ በጥብጪና 10 ደቂቃ ያህል ተይው። ማቃጠል የሚጀምረው ውሃ ሲያገኝ ነው። የፈላ ውሃ ካፈሰስሽበት ጉልበቱ ይሞታል፣ ሎሚውን ካስቀደምሽም በደንብ ሳይነሳ ይቀራል። ጠጋ ብለሽ ስታሸቺው አፍንጫሽን ሰርስሮ ዓይንሽን ካስነባሽ ደርሷል።

ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባዶ የማር ወይ የማርማላታ ጠርሙስ አምጪ። 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ (አቼቶም ይሆናል) ከቁንጥር ጨው ጋር አድርጊና ጨው እስኪሟሟ አማስዪ። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ካልጨመርሽው በኋላ ጥርስሽ ላይ ነው የምታገኚው። ሰናፍጩን፣ የሎሚውን ክርር ማለት የምትሰብር ጠብታ ማር፣ መጨረሻ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ። ክዳኑን ግጠሚና እጅሽ እስኪዝል ነቅንቂ። ወፈር፣ ደፍረስ ብሎ ቢጫ ከሆነ በቃ። ከሰዓታት በኋላ ትንሽ ቢለያይ አይግረምሽ፣ ደግመሽ ነቅንቂው። 3 ለ1 መነሻ ነው፤ መቅመስ ያለብሽ ግን በማንኪያ ሳይሆን ቅጠል ነክረሽ ነው፣ ማንኪያ ላይ ሁሌም ይጎመዝዛል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ኑግ ብቻውን ሰላጣ ቅጠልን ይጫነዋል። እኔ 2 ማንኪያ የሱፍ ላይ 1 የኑግ ነው የማደርገው። ለቲማቲምና ለቃሪያ ከሆነ ግን ኑግ ብቻውን፣ ወላሂ ሌላ ነገር ነው። የሚረጋውን የፓልም ዘይት አትሞክሪው። እናንተ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ላይታወቅሽ ይችላል፣ እኛ ደሴ ብርድ ላይ ግን ቅጠሉ ላይ ረግቶ ላንቃ ላይ ይለጠፋል።

አንዳንዴ ደግሞ ድሬሲንጉ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ቅጠሉ ሲታጠብ በያዘው ውሃ ላይ ዘይት አይይዝም፣ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይጠራቀማል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አራግፊው፣ ደርቆ ይቅረብ። ማፍሰሱም ልትበሉ ስትሉ ይሁን፣ ቀድመሽ ካፈሰስሽ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቲማቲሙም በጨው ውሃውን ይለቃል።

ነጭ ሽንኩርት ከወደድሽ ጨምሪ፣ ግን ፍሪጅ ይግባ፣ በ3 ወይ 4 ቀን ይለቅ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሸፍኖ ውጭ ሲቆይ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል፣ በማሽተትም በመቅመስም አታውቂውም። የሌለሽ ፍሪጅ ከሆነ የዕለቱን ብቻ ሥሪ። አንዷ ከላይ አስተያየት ላይ «በእንቁላል አስኳል አድርጊው» ብላሻለች። አስኳልም ያስታርቃል፣ ውሸት አይደለም፣ ግን ጥሬ ስለሆነ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አልሰጥም። ለጾምም አይሆን።

ሰናፍጭ የማይወድ እንግዳ ካለብሽ እርጎ አለልሽ። ወፍራም እርጎ፣ ጨው፣ የተደቆሰች ነጭ ሽንኩርት፣ ደቆ የተከተፈ ቃሪያ፣ ትንሽ ሎሚ። ይሄ በማንኪያ ነው የሚመታው፣ ከነቀነቅሽው ይቀጥናል። የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ የተጠበሰ ዕለት እኛ ቤት ከሰላጣው አልፎ ዓሣው ላይም ይፈሳል።