ማወቅ ሌላ፣ መናገር ሌላ፦ መንግሥታት ለሳይበር ጥቃት ተጠያቂውን ስለሚሰይሙበት መንገድ ጥያቄና መልስ

አንድ መንግሥት «ይህን የሳይበር ጥቃት ያደረሰብን የእገሌ አገር መንግሥት ነው» ብሎ በአደባባይ ሲናገር ምን ላይ ተመርኩዞ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አጥቂው በሌላ አገር ኮምፒውተር ተከልሎ የሚሠራ ከሆነ ማንነቱ እንዴት ይታወቃል?

በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም አንድ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ላይ በሚለይበት ቁጥር፣ ብቻ እንደማይታወቅ እርግጠኛ ይሁኑ። መርማሪዎች የአጥፊውን ሶፍትዌር አጻጻፍ፣ ቀደም ሲል ጥቅም ላይ የዋሉ ሰርቨሮችን፣ የአጥቂዎቹን የሥራ ሰዓትና የተመረጡትን ዒላማዎች እያነጻጸሩ ግምታቸውን ያጠናክራሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሊኮረጁ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 የፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ በተከፈተበት ምሽት የውድድሩን የኮምፒውተር መረብ ያናጋው ሶፍትዌር የሰሜን ኮሪያን አሻራ የያዘ ይመስል ነበር። የሳይበር ደህንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች አሻራው ሆን ተብሎ የተተከለ መሆኑን አሳዩ፤ በጥቅምት 2020 ደግሞ አሜሪካና ብሪታንያ ድርጊቱ የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ተቋም፣ የጂአርዩ፣ ሥራ እንደሆነ አስታወቁ። በእኔ ግምት የመንግሥታትን እርግጠኝነት ከሁሉም በላይ የሚያጸናው በአጥቂው ቤት ውስጥ ያለ ጆሮ ነው፤ ማለትም የራሳቸው የስለላ ተቋማት ከተጠርጣሪው መረብ ውስጥ የሚያገኙት መረጃ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማስረጃውን ለምን አያሳዩንም? «እመኑን» ማለት ብቻ ይበቃል?

ማስረጃውን ማሳየት ጆሮውን ማስቆረጥ ስለሆነ ነው። በፊልም ኩባንያው ሶኒ ፒክቸርስ ላይ ጥቃት በደረሰ በአንድ ወር ውስጥ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካው ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ሰሜን ኮሪያን በስም ሲወቅስ የገለጸው የሶፍትዌር መመሳሰልንና ጥቂት የአይፒ አድራሻ ምልክቶችን ብቻ ስለነበር፣ ከሙያው ሰዎች መካከል ሳይቀር ጥቂት የማይባሉት አላመኑም ነበር። በሕግ ረገድም አስገዳጅ ነገር የለም። የብሪታንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጄረሚ ራይት በግንቦት 2018 ባደረጉት ንግግር፣ አንድ መንግሥት የወቀሳውን መሠረት በይፋ የመግለጽ ሕጋዊ ግዴታ እንደሌለበት አስረድተዋል። በሌላ በኩል የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ2015 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለ ውንጀላ በማስረጃ ሊደገፍ እንደሚገባ አመልክቷል፤ ይሁን እንጂ ይህ አስገዳጅ ያልሆነ ምክር ነው።

አሜሪካኖች በዚህ መካከል ያገኙት መንገድ የወንጀል ክስ ነው። በጥቅምት 2020 ይፋ የሆነው ክስ ስድስት የጂአርዩ መኮንኖችን በስማቸው፣ ክፍላቸውንም በቁጥሩ፣ 74455 ብሎ ጠርቷል። ተከሳሾቹ ፍርድ ቤት ይቆማሉ ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ሆኖም ከሁለት አንቀጽ መግለጫ ይልቅ ዝርዝሩ ሊመረመርና ሊሞገት የሚችል ሰነድ ስለሆነ እኔ የማመዝነው ወደዚህኛው ነው።

ጥያቄ፦ ኖትፔትያ የተባለው የአጥፊ ሶፍትዌር ጥቃት የደረሰው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ነው፤ ወቀሳው የመጣው በየካቲት 2018። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንም?

በከፊል ትክክል ነዎት። ዩክሬን በቀናት ውስጥ ሩሲያን ወቅሳ ነበር፤ ብሪታንያና አሜሪካ ግን ወደ ስምንት ወር ገደማ ቆይተው በአንድ ቀን፣ የካቲት 15፣ ተናገሩ፤ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ዴንማርክና ሌሎችም ተከተሉ። መዘግየቱን የቴክኒክ ምርመራ ብቻ አያስረዳውም። አንድ አገር ብቻውን ሲወቅስ ጸብ ይባላል፤ ብዙዎች በአንድ ቀን ሲናገሩ ግን ወቀሳው ክብደት ያገኛል፤ ለዚህም እያንዳንዱ መንግሥት ያየውን መረጃ ለራሱ ባለሥልጣናት አሳምኖ፣ ቃላቱንም መርጦ መጨረስ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ማዕቀብ ለመጣል የአባላቱ ሁሉ ስምምነት ስለሚያስፈልገው፣ ኖትፔትያን ጨምሮ ለሳይበር ጥቃት የመጀመሪያውን ማዕቀብ የጣለው በሐምሌ 2020 ነው።

ጥያቄ፦ አውቀው ዝም የሚሉበት ጊዜስ አለ?

አለ። በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ተሰርስሮ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ሲወሰድ፣ የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩ ጄምስ ክላፐር ቻይናን ዋና ተጠርጣሪ ብለዋት ነበር፤ የኦባማ አስተዳደር ግን መደበኛ ወቀሳ አላቀረበም። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ አሜሪካም ብትችል ይህንኑ ታደርግ ነበርና። ዓመት ቀደም ብሎ ግን የኩባንያ ምስጢር በመስረቅ አምስት የቻይና ጦር መኮንኖችን ከሳለች፤ እንዲህ ዓይነቱን ስርቆት የምታየው በተለየ ዓይን ነውና።

ጥያቄ፦ ከቃል ያለፈ ውጤት ይኖረዋል?

አልባኒያን ይመልከቱ። በሐምሌ 2022 የመንግሥት አገልግሎቶቿ በጥቃት ከተቋረጡ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዲ ራማ መስከረም 7 ቀን ኢራንን ወቅሰው የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጡ፤ የኤምባሲው ሠራተኞችም በ24 ሰዓት ውስጥ ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ብዙ ሰው የማያስበው ውጤት ደግሞ በኢንሹራንስ በኩል የመጣ ነው። የመድኃኒት አምራቹ ሜርክ በኖትፔትያ የደረሰበትን ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ሲጠይቅ፣ መድን ሰጪዎቹ ድርጊቱ የሩሲያ መንግሥት ስለሆነ በጦርነት የደረሰ ጉዳት ነው፣ አንከፍልም አሉ። የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም፤ የይግባኙም ችሎት በግንቦት 2023 ያንኑ አጸና።

ጥያቄ፦ ወደ እኛ አገር እንምጣና፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተሰጠው መግለጫ ግብፅን መውቀስ ነበር?

ቃላቱን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ያኔ ያስታወቀው፣ ከሕዳሴ ግድብ የውኃ ሙሌት ጋር በተያያዘ ጫና ለማሳደር መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን ነው፤ ከቡድኖቹም አንዱን ሳይበር ሆረስ ብሎ ጠርቷል። በግብፅ የሚገኝ ቡድን ማለትና የግብፅ መንግሥት ማለት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ በግለሰቦች ድርጊት መንግሥት ተጠያቂ የሚሆነው ድርጊቱ በእሱ መመሪያ ወይም ቁጥጥር ሥር ሲፈጸም ነው።

ጥያቄ፦ ተወቃሹ የራስ መንግሥት ቢሆንስ?

በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ፊንስፓይ በተባለ ሶፍትዌር ኮምፒውተሬን ሰልሏል ብሎ ከሶ ነበር። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ክሱን የዘጋው ስለላው አልተፈጸመም ብሎ አልነበረም። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ፣ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሣም በሚል ነው። ሰላዩን ሶፍትዌር ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ምርምር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ሥራ ነበር፤ ይህም አጥቂን በመሰየም ረገድ ተመራማሪዎች ከመንግሥታት ቀድመው የሚሄዱበት ጊዜ መኖሩን ያሳያል፤ ማዕቀብ መጣል ግን አይችሉም።