«ሲሙሌሽኑ አልፏል» ያልኩበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። ካም (የማሽን ፕሮግራም የሚሠራበት ሶፍትዌር) ላይ የሠራው ፕሮግራም ሲሙሌሽኑን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚደረገውን ሙከራ፣ ያለ አንድ ቀይ ምልክት አለፈ። ማሽኑ ላይ ሲኬድ ግን ቱሉ (መቁረጫው) ዕቃውን አስሮ የያዘውን ክላምፕ መታው። «ኦፕሬተሩ ክላምፑን ያለቦታው አስሮት ይሆን ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?» ይላል መልእክቱ።

መልሱ ሦስት መስመር ይበቃው ነበር። እኔ ግን ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ራሴን ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የመቁረጫ ማሽን) እና ካም ለምትማሩ ሁላችሁ ልጽፈው ወሰንኩ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

መነጽር አድርጉ፣ የሚሽከረከር ስፒንድል (ቱሉን የሚያዞረው ዘንግ) አጠገብ ጓንት አታጥልቁ የሚለውን አልነግራችሁም። እሱን የማያውቅ ማሽን አጠገብ አይቆምም።

ያኔ ፕሮግራመር ነበርኩ። ማታ ማሽኑን የሚያስኬደው ልጅ በዕድሜ አሥር ዓመት ገደማ ያንሰኛል። ጠንቃቃ ነበር። ሞርሳውን በጨርቅ ከጠረገ በኋላ በአውራ ጣቱ ደግሞ ይዳስሰዋል። አንዲት ፍቅፋቂ ከሥር ከቀረች ዕቃው እንደሚያዘነብል ያውቃል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ እጁ ራሱ ነው ያወቀው።

ሥራው ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ሳህን ነበር። ላዩ ላይ በ12 ሚሊ ሜትር ኢንድ ሚል (በጎኑም በጫፉም የሚቆርጥ ቱል) የሚቆፈሩ ጉድጓዶች አሉት፤ ዳርና ዳሩ ደግሞ በክላምፕ ይታሰራል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዕቃዎች ቀን ላይ እኔው ቆሜ አወጣኋቸው። ልካቸው አንድም እንከን አልነበረውም። ቱሉ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሲሻገር 50 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይነሳል፣ ያልፋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ይሄ መውጣት መውረድ ጊዜ ይበላል ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ ካሙን ከፍቼ 50ውን 5 አደረግሁት። ሲሙሌሽኑን አስኬድኩ። ቱሉ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በቀጥታ መስመር ይሄዳል። ከቅርቡ ክላምፕ ጋር ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት አለው። ደስ አለኝ።

ማታ ልጁ ገባ። ጃኬቴን እየለበስኩ «ያው ፕሮግራም ነው፤ ትንሽ አፍጥኜዋለሁ» አልኩት።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያውን በሲንግል ብሎክ ልሂድበት?» አለኝ። ፕሮግራሙን አንድ አንድ መስመር እያስቆመ ሊያስኬድ ነው።

«ኧረ አያስፈልግም። ያው ነው» አልኩት።

ጠዋት ስገባ ማሽኑ ቆሟል። በሩ ክፍት ነው። ኢንድ ሚሉ ከሥሩ ተቆርጧል። ሆልደሩ (ቱሉ የሚታሰርበት) የክላምፑን ብሎን ገጭቶ ጎኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይዟል። ስፒንድሉን በእጄ ሳዞረው አሸዋ የገባበት ያህል ይኮረኩራል። ልጁ ቤቱ አልሄደም። አንድ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጦበታል።

ኃላፊው መጣ። ዞር ብሎ እኔን ጠየቀኝ። «ፕሮግራሙ ተነክቷል?»

«ሲሙሌሽኑ አልፏል» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። የተጠየቅሁት ግን እሱን አልነበረም። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። የምጨምረው ነገር እንዳለ የጠበቀ መሰለኝ። ዝም አልኩ። አንገቱን ደፋ። ክላምፑን አስጠግቶ አስሮ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ተሰናበተ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስፒንድሉ ተጠግኖ ተገጠመ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ያንኑ ፕሮግራም ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስኬድኩት። ዜዱን (የቱሉን ከፍታ) ወደ ላይ አነሳሁ፤ ራፒዱን (ሳይቆርጥ የሚሮጥበትን ፍጥነት) ወደ 25 በመቶ ዝቅ አደረግሁ። ቱሉ በቀጥታ አልሄደም። መጀመሪያ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሄደ። ከዚያ ታጠፈና የቀረውን በኤክስ ብቻ ተጓዘ። ደግሜ አስኬድኩት። አሁንም ታጠፈ።

ነገሩ ይሄ ነው። በብዙ ኮንትሮሎች (የማሽኑ ኮምፒውተሮች) ላይ ጂ00 የሚባለው የራፒድ ትእዛዝ «ቶሎ ድረስ» ማለት እንጂ «በቀጥታ መስመር ሂድ» ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አክሲስ (ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ የሚባሉት የመንቀሳቀሻ አቅጣጫዎች) በራሱ ከፍተኛ ፍጥነት ይሮጣል፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆማል። የኔ ጉዞ በኤክስ 300፣ በዋይ 100 ሚሊ ሜትር ነበር። ሁለቱ እኩል ሲሮጡ ዋይ መቶውን ጨርሶ ሲቆም ኤክስ ገና 100 ላይ ነው። የቀረውን 200 ብቻውን ይሄዳል። ቀጥታ መስመር ቢሆን ኖሮ መሐል ላይ፣ ኤክስ 150 ሲደርስ፣ ዋይ 50 ላይ ይሆን ነበር። ማሽኑ ግን እዚያ ሲደርስ ዋይ 100 ላይ ነው። ክላምፑም እዚያው ነው። ልጁ ያሰረው እኔ ቀን ላይ ያሰርኩበት ቦታ ነበር። ቀን ላይ ያልተመታው 50 ሚሊ ሜትር ከላዩ ስለምናልፍ ብቻ ነው።

የማሽኑ ራፒድ በደቂቃ 24 ሜትር ነበር። በሴኮንድ 40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የልጁ እጅ ማቆሚያው ላይ ቢሆን እንኳ፣ ሰው ደንግጦ እስኪጫን ሩብ ሴኮንድ ቢፈጅበት ቱሉ 10 ሳንቲ ሜትር ሄዷል። ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።

ያን ምሽት እስከ ኃላፊው ቢሮ በር ድረስ ሄጃለሁ። መብራቱ በርቶ ነበር። ተመለስኩ። «ነገ እነግረዋለሁ» አልኩ። ነገ አልነገርኩትም፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። አንድ ወር ካለፈ በኋላ መናገር ይበልጥ ከበደኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ የሚል ጥያቄ ተጨመረበት። ልጁ ወደ ሌላ ሙያ እንደገባ በኋላ ሰማሁ። ያን የመሰለ እጅ የነበረው ልጅ።

እንግዲህ ጠያቂዬ፣ አንተ እኔ ዘግይቼ ያደረግሁትን ዛሬውኑ አድርገው። ጠረጴዛውን ባዶ አድርግ፣ ዜዱን አንሳ፣ ራፒዱን ዝቅ አድርግ፣ ቆመህ አካሄዱን እይ። ከታጠፈ መልስህን አገኘህ። ብዙ ኮንትሮሎች ራፒዱን ቀጥ የሚያደርግ ፓራሜትር አላቸው። ብዙ ካሞች ደግሞ ጂ00ን በከፍተኛ ፊድ (የቱሉ ጉዞ ፍጥነት) በሚሄድ ጂ01፣ ማለትም በቀጥታ መስመር በሚያስኬደው ትእዛዝ፣ የመተካት ምርጫ አላቸው። ይህን የሚወስነው በዋናነት ፖስት ፕሮሰሰሩ (የካሙን ሥራ ወደ ማሽኑ ኮድ የሚቀይረው) ነውና እሱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀመጡበት። ክላምፑን፣ ሞርሳውንና ሆልደሩን ካሙ ውስጥ ሳሉ። ያልነገራችሁትን ነገር ሲሙሌሽኑ ከየትም አያመጣውም።

ሲሙሌሽንን አትመኑ እላለሁ። ያለ ሲሙሌሽን ደግሞ አንዲት መስመር እንዳታስኬዱ እላለሁ። እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አጥብቄ ነው የምላችሁ።

አንድ ነገር በእጃችሁ እንዲለመድ እፈልጋለሁ። አዲስ ወይም የተነካ ፕሮግራም ስታስኬዱ ቱሉ ዕቃው ላይ ከመድረሱ በፊት ፊድ ሆልድ (ጉዞውን ለጊዜው የሚያቆመውን ቁልፍ) ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ የሚቀረውን ርቀት አንብቡ። ከዚያ በዓይናችሁ ክፍተቱን እዩ። ስክሪኑ 80 ሚሊ ሜትር ይቀረኛል እያለ ቱሉ ከዕቃው ሁለት ጣት ብቻ ርቆ ከሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል። ኦፍሴቱ (ዕቃው የት እንዳለ፣ ቱሉ ምን ያህል እንደሚረዝም ለማሽኑ የሚነግረው ቁጥር) ይሆናል። ቱል 5 ተጠርቶ ጂ43 ላይ ኤች4 ተጽፎ፣ ማለትም የሌላ ቱል ርዝመት ተሰጥቶ ይሆናል። ይሄን ማየት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። እኔ ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ ስንት ጊዜ እንዳዳነኝ ቆጥሬ አልጨርስም።

ዛሬ ብዙ ወጣቶች ቪዲዮ ላይ ያዩትን ስፒድ (የመዞሪያ ፍጥነት) እና ፊድ እንዳለ ገልብጠው ማሽን ላይ ይጭኑታል። ይሄ ያናድደኛል። የዚያን ሰው ማሽን አላወቃችሁትም። ቱሉ ከሆልደሩ ምን ያህል እንደወጣ አላያችሁም። ቱል የወጣበትን ርዝመት እጥፍ ብታደርጉት በዚያው ኃይል የሚታጠፈው ስምንት እጥፍ ነው። ቱሉ ሲንጫጫ ሁሉም መጀመሪያ የሚሮጠው ፊድ ለመቀነስ ነው። ተዉ። መጀመሪያ ቱሉን አሳጥሩት፣ ካልሆነ አርፒኤሙን (በደቂቃ የሚዞርበትን ብዛት) ቀይሩ።

ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ባለ አራት ጥርስ ካርባይድ መቁረጫ ለተራ ብረት በደቂቃ 100 ሜትር የመቁረጫ ፍጥነት ብትሰጡት 3,180 አርፒኤም አካባቢ ይመጣል። በጥርስ 0.05 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፊዱ በደቂቃ 640 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፈርታችሁ 100 ብታደርጉት ለአንድ ጥርስ የሚደርሰው ከ0.01 በታች ይሆናል። ይሄ መቁረጥ አይባልም። ማሸት ነው። ጥርሱ ይግላል፣ ጠርዙ ይሞታል። ስቴይንለስ ከሆነማ ዕቃው ራሱ ይጠነክርባችኋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቱል የሚያገኘው ሌላ ብረት ነው። በፍርሃት የተሰበረ ቱል በድፍረት ከተሰበረው አያንስም።

የቶርኖ መምህሬ ዓይናችንን አስጨፍኖ ያሰማን ነበር። ማሽኑ እየቆረጠ «አሁን ምን ተለወጠ?» ይላል። ጥልቀቱን ጨምሮ ይሆናል፣ ጠርዙ የደነዘዘ ቢላ ገጥሞ ይሆናል። ያልመለሰ እንደገና ይጨፍናል። ረጅም ሰው ነበር፤ ካሊፐሩን ሁልጊዜ በደረት ኪሱ ይይዛል፣ ለማንም አያውስም። ጆሮዬን የሰጠኝ እሱ ነው። ዛሬ ልጆች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ማሽን አጠገብ ሲቆሙ ሳይ እሱ ይታወሰኛል።

ግን ደግሞ ስለ እናንተ ያልኩትን ላስተካክል። በእኛ ጊዜ «አላወቅሁም፣ ጥፋቱ የኔ ይሆን?» ብሎ የጻፈ አላስታውስም። ይህ ልጅ ጻፈ። እኔ በእሱ ዕድሜ ይህን አልቻልኩም።

ልክ ጠዋት ትክክል ሆኖ ከሰዓት የሚሄድባችሁ ካለ ኦፍሴት ከመነካካታችሁ በፊት ዕቃውን ንኩት። ይሞቃል? አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሙቀት በሜትር 23 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። 300 ሚሊ ሜትር ዕቃ በ10 ዲግሪ ከሞቀ 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ጨመረ። ሥዕል ላይ ያለው ልክ የተሰጠው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሲቀዘቅዝ ለኩ።

ሌላው ፕሮግራም ስትነኩ መጻፍ ነው። ከፕሮግራሙ ራስ ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ። ኮንትሮሉ በቅንፍ ያለውን አይፈጽመውም፤ ሰው ግን ያነበዋል። ያን ማታ ያቺ መስመር ብትኖር ልጁ ስክሪኑ ላይ ያያት ነበር። እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። በሲንግል ብሎክ ይሄድበት ነበር።

ክላምፑ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አፉ ላይ ኢንድ ሚሉ የነከሰው ቦታ አለ፤ ጣት ሲያርፍበት ይቧጥጣል። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ያ ልጅ ያነበው ይሆናል። አሁን ትልቅ ሰው ነው። ያን ቀን መጻፍ የነበረብኝን መስመር ለእሱ እዚህ እጽፈዋለሁ።

(የመሻገሪያ ከፍታ ከ50 ወደ 5 ተቀይሯል። የቀየርኩት እኔ ነኝ። ማሽን ላይ አልሞከርኩትም። ክላምፑ ቦታው ላይ ነበር።)